ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ኢትዮጵያ ጣቢያ

የካቲት 22

«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው!» የሚለውን የወያላ ጥሪ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሜክሲኮ ለእኔ አገር ከመሆኗ በፊት ታክሲ መያዣ ነበረች። ዛሬ በፍራንክፈርት በኩል አድርጌ፣ እግሬ አብጦ፣ ዋናዋ ሜክሲኮ ገባሁ።

ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ የአዲስ አበባ አየር ነው ማለት ይቻላል። ያረፍኩበት ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። አብረውኝ የገቡ ጀርመኖች ደረጃው ላይ ሁለቴ አረፉ። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ቀጥ ብዬ ወጣሁ። ትንሽ ኮራሁ፣ አልደብቅም።

ለምን እንደመጣሁ ልናገር። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እኛ «ጋሼ» የምንለው፣ በደርግ ጊዜ ሠዓሊ ነበር። ቀበሌ ይጠራዋል። ጨርቅና ቀለም ይሰጠዋል። ለመስከረም 2 በዓል ማርክስን፣ ኤንግልስንና ሌኒንን ሣል ይባላል። እምቢ ማለት አይታሰብም። «ማርክስ ጺሙ ቀለም ይፈጃል፤ ሌኒን ግን ቆጣቢ ነው» እያለ ያስቀን ነበር። መኝታ ቤቱ ውስጥ ከመጽሔት የተቀደደ፣ የሜክሲኮው የግድግዳ ሠዓሊ የዲዬጎ ሪቬራ ሥዕል ለጥፎ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ወደው ፈቅደው ነው የሣሉት። እጃቸው ላይ ይታያል» ይላል። ልሰናበተው ስሄድ፣ «እስቲ ግድግዳው የማን እንደሆነ አጣሪልኝ» አለኝ። ስምንት ቀን አለኝ።

(ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ዓመቶቹ ግን በፈረንጆቹ ነው፣ አለዚያ ሁላችንም ግራ እንጋባለን።)

የካቲት 23

የዓድዋ ቀን ነው። አገሬ ብሆን ምኒልክ አደባባይ ነበርኩ። እዚህ ግን ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ሄድኩ። የሰው አገር ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በፈቃዴ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ሕንፃው በቅርቡ የግድግዳ ሥዕል ሙዚየም ሆኗል።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። የሜክሲኮ አብዮት አሥር ዓመት አገሪቱን አምሷት አለፈ። አብዛኛው ሕዝብ ፊደል አልቆጠረም። በ1921 የትምህርት ሚኒስትር የሆነው ሆሴ ቫስኮንሴሎስ ለሠዓሊዎች የመንግሥት ግድግዳ ሰጣቸው። ሪቬራ በ1923 እዚህ ግቢ ጀምሮ በ1928 ጨረሰ። ሦስት ፎቅ፣ ሁለት ግቢ፣ ከ200 በላይ ሥዕል። አንገቴን አመመኝ።

አንዱ ጋ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ማዕድን ቆፋሪ ከጉድጓድ ሲወጣ ይፈተሻል። ነጭ ልብስ ለብሷል፣ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቷል፣ ፈታሹ ኪሱን ይዳብሳል። ስቅለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጠጋ ብዬ ሳይ የልስኑ መጋጠሚያ መስመር ይታያል። በፍሬስኮ ሥራ ሠዓሊው በየቀኑ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይለስናል። እርጥብ እያለ ቀለሙን ይሰጠዋል፣ አብሮ ይደርቃል። ስለዚህ መስመሩን አይቶ የትኛው ቁራጭ የአንድ ቀን ሥራ እንደሆነ መገመት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ሪቬራ የቁልቋል በለስ ቅጠል ጭማቂ ቀለሙ ውስጥ ይቀላቅል ነበር። የኛ በለስ! ዘሩ ከዚህ ነው የመጣው። ጭማቂው ግን ግድግዳው ላይ እድፍ ስላወጣ ተወው።

ላይኛው ፎቅ ላይ ሀብታሞቹ ራት ይበላሉ። ሮክፌለር፣ ሞርጋን፣ ፎርድ። ማዕዳቸው የአክሲዮን ዋጋ የሚታተምበት ረጅም ወረቀት ነው። እዚህ ጋ የዓድዋ ሥዕሎቻችን ትዝ አሉኝ። በኛ ወግ ወገን ሙሉ ፊቱን፣ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ጠላት በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ አለው። ሪቬራ የዓይን ደንብ የለውም። ግን ማንን እንደምትጠሉ ገና ከደረጃው ላይ ይነግራችኋል። ሌላ ጥግ ላይ ሠዓሊዋ ፍሪዳ ካህሎ ቀይ ሸሚዝ ለብሳ ጠመንጃ ታድላለች። ግድግዳውን የሰጠው ቫስኮንሴሎስስ? ሪቬራ እሱንም አልማረውም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ትንሽ ነጭ ዝሆን ላይ አስቀምጦታል። ጋሼ ይህን ቢያደርግ ኖሮ እኔ ጋሼ የሚባል ሰው አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ቅርብ ያለው ሳን ኢልዴፎንሶ ገባሁ። ያኔ መሰናዶ ትምህርት ቤት ነበር። በ1924 ተማሪዎቹ ራሳቸው ተነሥተው የሌሎቹን ሁለት ሠዓሊዎች፣ የኦሮስኮንና የሲኬይሮስን ሥዕሎች ቧጨሩ፣ አበላሹ። ወጣት ሁሉ አብዮተኛ ነው ያለው ማነው? ሥራው ቆመ። ኦሮስኮ በ1926 ተመልሶ «ምሽግ» የተባለውን ሣለ፦ ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ፊቱን በክንዱ ሸፍኗል፣ የሁለቱ ፊት አይታይም። መፈክር የለም፣ ባንዲራ የለም። ለእኔ ከሪቬራ ሦስት ፎቅ ይህ ይበልጣል። ጋሼ እንዳይሰማ።

የካቲት 24

ቤያስ አርቴስ፣ የሥነ ጥበባት ቤተ መንግሥት። ውጭው እንደ ሠርግ ኬክ ነጭ እብነ በረድ ነው። ውስጡ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ በጣም የምወደው የበቀል ሥራ አለ።

ሪቬራ በ1933 ኒው ዮርክ ሮክፌለር ማዕከል ውስጥ ትልቅ ሥዕል ጀመረ። ክፍያው 21,000 ዶላር ነበር። መሀሉ ላይ የሌኒንን ፊት ጨመረ። አውጣው ተባለ። አላወጣም፣ ከፈለጋችሁ ሊንከንን ልጨምርላችሁ አለ። ገንዘቡን ከፍለው ከመሰላሉ አወረዱት። ሥዕሉን ሸፈኑት። በየካቲት 1934 በሌሊት ሰባበሩት። እሱም እዚህ መጥቶ በዚያው ዓመት እንደገና ሣለው፣ ሌኒንን ጭምር። አንድ ነገር ብቻ አከለ፦ አልኮል የማይቀምሰውን ጆን ሮክፌለር ጁኒየርን ከሴት ጋር መጠጥ ቤት አስቀመጠው። ከራሱ በላይ ደግሞ በማይክሮስኮፕ የሚታይ የአባላዘር በሽታ ተሕዋስ ሣለ። አይይ ሪቬራ!

ሌኒንን አንሥቼ ለጋሼ በቴሌግራም ላክሁለት። በድምፅ መለሰ፦ «ጺሙ ጥሩ ነው። አንገቱ አጥሯል።» ስለ ሮክፌለር ስነግረው ትንሽ ዝም አለና፣ «የከፈለ ይሰብራል» አለ።

ማታ አላሜዳ መናፈሻ ጎን ያለውን ሌላውን ሥዕል አየሁ። 15 ሜትር ርዝመት አለው። በ1947 ሲያልቅ ለአንድ ሆቴል ምግብ ቤት ነበር። ከተሣሉት ሰዎች አንዱ በያዘው ወረቀት ላይ «እግዚአብሔር የለም» የሚል ነበረበት። ከተማው ተቆጣ፣ ሥዕሉ ለዓመታት ተሸፈነ። በ1956 ሪቬራ፣ ዕድሜው ገፍቶ ታሞ ሳለ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ጽሑፉን በራሱ እጅ ለወጠው። በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ሆቴሉ በ1985ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳ። ሥዕሉ ከነግድግዳው ተነቅሎ እዚህ መጣ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቃሉ የነበረበትን ቦታ ፈለግሁ። ምንም ጠባሳ አይታይም። ንጹሕ ሥራ ነው፣ ያሳዝናል።

የካቲት 25

የሜትሮ 3ኛ መስመር። ቲኬቱ 5 ፔሶ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ሌላ ሥዕል አለው። ሜትሮው በ1969 ሲከፈት ማንበብ የማይችለውም እንዳይጠፋ ተብሎ ነው። የመጀመሪያዎቹን ምልክቶች የሠራው ላንስ ዋይማን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ።

ትላቴሎልኮ ወረድኩ። አደባባዩ ሦስት ዘመን ጎን ለጎን ያሳያል፦ የአዝቴክ ፍርስራሽ፣ የስፔኖች ቤተ ክርስቲያን፣ የዘመናችን አፓርትመንቶች። ኦክቶበር 2 ቀን 1968 አመሻሽ ላይ ወታደሮች እዚህ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ተኮሱ። ሲቪል ለብሰው ሕዝቡ መሀል የገቡት ወታደሮች እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ግራ እጃቸው ላይ ነጭ ጓንት አድርገው ነበር። የሟቾች ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1993 የቆመው ድንጋይ ላይ 20 ስም ከነዕድሜው ተጽፏል። ከሥሩ፣ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ገና የማናውቃቸው ሌሎች ብዙ ጓዶች ይላል። ድንጋዩ ሥር የደረቀ አበባ ነበር። አንዲት እናት ልጇን ብስክሌት ታለማምዳለች።

ኦሎምፒኩ ሊከፈት አሥር ቀን ነበር የቀረው። አደባባዩ ጎን ያለው የመታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ የተማሪዎቹ ፖስተሮች አሉ። ዋይማን የሠራውን የኦሎምፒክ ምልክት ታውቁታላችሁ፣ በድርብርብ መስመር «ሜክሲኮ 68» የሚለውን። ከተማው ሁሉ በሱ ተሸፍኖ ነበር፣ ነጭ የሰላም ርግብም አብሮ በየመስኮቱ ተለጥፏል። የሥነ ጥበብ ተማሪዎቹ ያንኑ ምልክት ወሰዱት። ርግቧን ሳንጃ ወጓት። በዚያው በሚያምረው መስመር ዱላ የያዘ ፖሊስና ታንክ አወጡ። ሌሊት ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ያትማሉ፣ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ይለጥፋሉ። መንግሥት ለምልክቱ የከፈለውን ሁሉ ለነሱ የከፈለላቸው ያህል ሆነ። ሰው አንዴ ምልክቱን ለምዶታል፣ ርግቧ ስትደማ ወዲያው ይገባዋል።

አንዷን ፖስተር ጠጋ ብዬ አየኋት። ወረቀቱ ርካሽ ነው፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ጥግ ላይ የአንድ ሰው አውራ ጣት አሻራ በጥቁር ቀለም ታትሞ ቀርቷል። ቸኩሎ ነበር።

የሚገርመኝ ይህ ነው። የተኮሰው መንግሥት ሪቬራን የቀጠረው አብዮት ወራሽ ነኝ የሚል ነው። ወታደሮቹ እዚህ ሲተኩሱ የገበሬዎቹ አብዮተኛ ዛፓታ ሚኒስቴሩ ግድግዳ ላይ ቆሟል። የኛ ተማሪዎችም በዚያው ዘመን «መሬት ላራሹ» ይሉ ነበር። በኋላ መፈክሩን ማን እንደወሰደውና ጋሼ ጨርቅ ላይ እንዲጽፈው ማን እንዳዘዘው እናውቃለን።

የካቲት 26

ሆዴ። መንገድ ላይ የበላሁት ታኮ ይሁን ከቃሪያው ይሁን አላውቅም። በርበሬ ከዚህ አህጉር ነው ወደ ዓለም የወጣው፣ እና ዛሬ አበሻን በገዛ ዕቃዋ ቀጣት። ቀኑን ሙሉ ተኛሁ።

የካቲት 27

ያው 3ኛው መስመር፣ ወደ ደቡብ። መንገዴን ኮዮአካን አቋርጬ የሌኒን ጓድ የነበረው ትሮትስኪ የኖረበትን ቤት አየሁ። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ። በሜይ 1940 ሌሊት መትረየስ ይዘው ከገቡት አንዱና መሪያቸው ሠዓሊው ሲኬይሮስ ነበር። ትሮትስኪ ያን ሌሊት አልጋ ሥር ገብቶ ተረፈ፣ በኦገስት ሌላ ሰው ገደለው። ሠዓሊ ግድግዳ ላይ የሚተወውን ነገር እያየሁ አምስት ቀን ቆይቻለሁ። እነዚህን ቀዳዳዎች አልጠበቅሁም። ይኸው ሲኬይሮስ ከ1960 እስከ 1964 ታሰረ፣ ተፈታ፣ ከዚያ እንደገና ትልልቅ ግድግዳ ሣለ። ምን እንደምለው አላውቅም።

መጨረሻው ጣቢያ ዩኒቨርሲቲው ነው። ሠዓሊውና አርክቴክቱ ኦጎርማን የሠራው ቤተ መጻሕፍት ከላይ እስከ ታች በድንጋይ ሞዛይክ ተሸፍኗል። ቀለሙ የድንጋዩ የራሱ ነው፣ አይለቅም። ያምራል። ግን የመጣሁት ለስታዲየሙ ነው።

ፊት ለፊቱ ላይ ሪቬራ ባለ ቀለም ድንጋይ ደርድሮ ሠርቷል፦ ቤተሰብ፣ ርግብ፣ ችቦ የያዙ ሯጮች። ዙሪያውን ሊሸፍነው አስቦ ሳይጨርሰው ሞተ። ኦክቶበር 20 ቀን 1968፣ ከትላቴሎልኮው ተኩስ በ18ኛው ቀን፣ ማራቶኑ መሀል ከተማ ካለው ሶካሎ አደባባይ ተነሣ። አበበ ቢቂላ ተጎድቶ ነበር፣ ከ17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ወጣ። ማሞ ወልዴ ግን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ እዚህ ስታዲየም አንደኛ ሆኖ ገባ። ከአራት ቀን በፊት እዚሁ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ጥቁር ጓንት ያደረገ ጡጫቸውን አንሥተዋል። ያችን ፎቶ የማያውቅ የለም። ሁለት ሰው፣ የተዘረጋ ክንድ፣ የተደፋ አንገት። ማዕድን ቆፋሪው ትዝ አለኝ።

ሲመሽ በዚያው መስመር ተመለስኩ። በስፓኒሽ ድምፅ ማጉያው ምን እንዳለ አልሰማሁም፣ ግን በመስኮቱ የአንበሳ ራስ አየሁ። ከሥሩ «ኤቲዮፒያ» ይላል። ዘልዬ ወረድኩ። ጣቢያው ስሙን ያገኘው ከላይ ካለው አደባባይ ነው። ጣሊያን ሲወርረን ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ተቃወመች፤ ለወረራውም እውቅና ካልሰጡት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆነች። እኛ ሜክሲኮ አደባባይን ሰጠናት፣ እነሱ ይህን ሰጡን። ጃንሆይም በ1954 እዚህ መጥተዋል።

አንበሳውን ቆሜ አየሁት። ጎፈሬው ጥቂት ወፍራም መስመር ብቻ ነው። ተሳፋሪው ትከሻዬን እየገፋ ያልፋል። አንድ ሻጭ ቻርጀር በ20 ፔሶ ሊሸጥልኝ ሞከረ። ገዛሁት። አይሠራም።

የካቲት 28

አንድ ወዳጄ ያስተዋወቀችኝ ትንሽ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴትዮ ናት። ጣቶቿ ጥግ ላይ የማይለቅ ጥቁር ቀለም አለ። ለነገው የሴቶች ቀን ሰልፍ ፖስተር ያትማሉ፣ ሥራ የፈታ እጅ አይወዱም። ወዲያው ሊኖሊየምና መቅረጫ ሰጡኝ።

ይህ አገር የእንጨትና የሊኖ ኅትመት አገር ነው። በ1937 ሌኦፖልዶ ሜንዴስና ጓደኞቹ የሕዝብ ግራፊክ አውደ ጥናት የሚባለውን አቋቋሙ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ ግድግዳ ይጠየቃል፣ ወረቀት አይጠየቅም። ከአሜሪካ የመጣችው ጥቁር ሠዓሊ ኤልዛቤት ካትሌት እዚያ ሠርታለች። የገበሬ ሴቶችን ፊት ቀርጻለች። በ1962 የሜክሲኮ ዜግነት ስትወስድ አሜሪካ በሯን ዘጋችባት።

እኔ በፊደል «ሴት» ብዬ ልቀርጽ ወሰንኩ። ሊኖው ሲሞቅ እንደ ቅቤ ይቆረጣል፣ ሲቀዘቅዝ መቅረጫው ያመልጣል። ሴትዮዋ ብብቷ ውስጥ አሙቃ ትሰጠኛለች። አንድ ሰዓት ለፋሁ። ቀለም በሮለር ሰጠሁት፣ ወረቀት አለበስኩት፣ በማንኪያ ጀርባ አሸሁት። ስገልጠው የ«ሴ» ቀለበት በግራ በኩል ወጥቷል! ተገልብጦ እንደሚታተም ረስቼዋለሁ። ፊደሉን የሚያነብ ሰው ባይኖርም ሁሉም ከፊቴ ገባቸው፣ ሳቁ። ሴትዮዋ አዲስ ሊኖ ላይ ካርቦን ወረቀት አንጥፋ፣ የተሳሳተውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ በእርሳስ ተከተለችው። ምልክቱ አረፈ። «አሁን የተሳሳተውን ተከትለሽ ቅረጪ፣ ትክክል ይመጣል» አለችኝ በምልክትና በተሰባበረ እንግሊዝኛ። መጣ።

ስወጣ አንድ ወጣት አስጠነቀቀኝ። ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 33 የውጭ ዜጋ በፖለቲካቸው እንዳይገባ ይከለክላል። ፎቶ አንሺዋ ቲና ሞዶቲ በ1930 ተባራለች። «ፎቶ ብቻ አንሺ» አለኝ።

የካቲት 29

የብሔራዊ ቤተ መንግሥቱን ደረጃ የሞላውን የሪቬራ ትልቁን ሥዕል ለመጨረሻው ቀን አስቀምጬ ነበር። አላየሁትም። ቤተ መንግሥቱ ዙሪያውን ከሰው ቁመት በላይ በሆነ የብረት አጥር ተከቧል። በየዓመቱ ለዛሬ ሰልፍ እንዲህ ይደረጋል። ሕዝቡን የሣለው ግድግዳ ከውስጥ፣ ሕዝቡ ከውጭ።

ሴቶቹ ግን አጥሩን ወደዱት። በ2021 የተገደሉ ሴቶችን ስም ከጥግ እስከ ጥግ ጽፈውበት አበባ ሰክተውበት ነበር። ዛሬም ከቀትር በኋላ ሶካሎ ሐምራዊ ሆነ። በመቶ ሺዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፣ መጨረሻቸውን አላየሁም። የማተሚያ ቤቷ ሴትዮ ሰፊ ብሩሽና ባልዲ ይዛ መጥታለች። ባልዲው ውስጥ ያለው የዱቄት ሙጫ ነው፣ ልክ እንደ አጥሚት። ባልዲውን ያዥ አለችኝ። ያዝኩ። ባልዲ መያዝ ፖለቲካ ነው? አንቀጽ 33ን ላስብበት ስል ፖስተሩ ተለጠፈ፣ ቀጣዩ መጣ። ብሩሹ ሲያልፍ ብረቱ ይንጓጓል። እጄ እስከ ክርኔ ሙጫ ሆነ።

በመጨረሻ አንዲት ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ወፍራም ማርከር ዘረጋችልኝ። ሁሉም የሚያውቃትን አንዲት ሴት ስም እየጻፈ ነው። እኔም የማውቃት ነበረችኝ። የሠፈሬ ልጅ ናት፣ ስሟን እዚህ አልጽፍም። እዚያ ግን በፊደል ጻፍኩት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችውና የየት አገር ጽሑፍ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ኤቲዮፒያ» አልኳት።

«የሜትሮው?»

«አዎ፣ የሜትሮው።»

ማታ ፎቶውን ለጋሼ ላክሁለት። ግድግዳው የማን እንደሆነ ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ግድግዳ አልነበረም፣ ነገ ከነገ ወዲያ የሚነሣ ቆርቆሮ ነው። እዚያ ሌሊት ነው፣ ግን ወዲያው መለሰ። ስሟን አውቆታል። ድምፁ ለጥቂት ሰከንድ ጠፋ። ከዚያ፣ «ማርከር ዝናብ አይችልም» አለ። «የዘይት ቀለም አጥተሽ ነው?»